ከላቡዋን ባጆ እስከ ዋኤ ሬቦ፦ በቡና የምትኖር የተራራ መንደር

ዋኤ ሬቦ በምሥራቅ ኢንዶኔዢያ፣ በፍሎሬስ ደሴት፣ በማንጋራይ አውራጃ ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የሰባት ቤት መንደር ናት። መኪና አይገባባትም። የሞተር ሳይክሉ መንገድ ካለቀበት ተነስቶ ጫካ ለጫካ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር መውጣት ግድ ነው። የቤቶቿ ፎቶ ብዙ ቦታ ተሰራጭቷል፤ ሰዎቿ ምን ዘርተው፣ ምን ሸጠው፣ ልጆቻቸውን የት አስተምረው እንደሚኖሩ ግን ከፎቶው አይገኝም። እዚህ የምንጽፈው በይበልጥ ስለዚያ ነው። የመንደሯ ዋና ገቢ ቡና ስለሆነ ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሳት በፊት

ዝናቡ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይበረታል። በዚያ ጊዜ ዱካው ያዳልጣል፣ አልቅትም ይበዛል። ቡና ሲለቀምና ሲሰጣ ማየት የፈለገ ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይሂድ። የቪዛውን ጉዳይ አስቀድሞ አዲስ አበባ ካለው የኢንዶኔዢያ ኤምባሲ መጠየቅ ይሻላል። ፍሎሬስ ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ትቀድማለች።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ ጥሬ ቡና ለስጦታ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እኛ አገር በ1971 የገባው የቡና ፍሬ በሽታ እስካሁን ከአፍሪካ ውጭ አልወጣም፤ የኢንዶኔዢያ ገበሬ አያውቀውም። በአንድ ከረጢት ጥሬ ቡና ወይም የቡና ማሳ ጭቃ በያዘ ጫማ የሚሻገር በሽታ የአንድን ደሴት ገበሬ ኑሮ ሊያናጋ ይችላል። ስጦታው የተቆላ ቡና ይሁን፣ ጫማውም ከቤት ሳይወጡ በሳሙና ይታጠብ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከላቡዋን ባጆ ወደ ሩቴንግ

የአውሮፕላኑ ጉዞ በፍሎሬስ ምዕራብ ጫፍ ባለችው በላቡዋን ባጆ ከተማ ያበቃል። ከዚያ እስከ ማንጋራይ አውራጃ ዋና ከተማ እስከ ሩቴንግ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልቱ ደህና ሆኖ ሳለ አራት ሰዓት ይወስዳል፣ ምክንያቱም ከተራራ ተራራ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። መኪና የሚያስታውከው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጥ። «ትራቬል» የሚባሉት የጋራ መኪኖች ተሳፋሪውን ከማረፊያው መጥተው ይወስዱታል። አውቶቡሱ ይረክሳል፣ ነገር ግን ወንበሩ እስኪሞላ ከተማ ውስጥ ይዞራል።

መንገዱ በሌምቦር ሜዳ ያልፋል። በመስኖ የሚለማ ሰፊ የሩዝ አገር ነው። ተራራው ላይ ያለው ሰው ቡና ሸጦ ሩዝ ይገዛል፤ ስለዚህ ዋኤ ሬቦ ላይ የሩዝ መወደድ ከቡና መርከስ እኩል ይጎዳል።

ሩቴንግ ለመድረስ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ቻንቻር አለች። እዚህ ወርዶ ኮረብታው ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ የማንጋራይን የመሬት ሥርዓት ያላየ ሰው መንደሩ ሲደርስ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ከላይ የሚታየው የሩዝ ማሳ የሸረሪት ድር ይመስላል። ሊንግኮ የሚባለው የጋራ መሬት ነው። መሐሉ ላይ፣ ሎዶክ በሚሉት ነጥብ፣ እንጨት ይተከላል፤ ከዚያ ወደ ዳር ቀጥ ያሉ ወሰኖች ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት መሐል ላይ ጠባብ፣ ዳር ላይ ሰፊ ነው። ልኩ የሚወሰነው እመሐሉ ላይ በጣት ስፋት ሲሆን፣ የሚያከፋፍሉት ቱአ ቴኖ የሚባሉት የመሬት ሽማግሌ ናቸው። መሐል ላይ የአንዲት ጣት ልዩነት ዳር ስትደርስ ብዙ እርምጃ ስለምትሆን የሽማግሌው እጅ ትልቅ ሥልጣን ነው። መንደሩን ያቀኑት ቤተሰቦች ሰፋ ያለ፣ በኋላ የመጡት ጠበብ ያለ ድርሻ ያገኛሉ።

ይህ መሬት ከአንድ ቤት ጋር የተሳሰረ ነው፤ የጎሳው ከበሮ የሚሰቀልበት ቤትና ሊንግኮው አይነጣጠሉም። ቤቱ የሌለው መሬቱ ላይ የመናገር መብት አይኖረውም። ችግሩ የሚጀምረው ቁራጩ ከአባት ለወንዶች ልጆች ሲከፈል ነው። ሦስት ወንድማማቾች የተካፈሉት መሬት መሐሉ ላይ በሬ አያዞርም። በዚያ ላይ የግል ይዞታ ማረጋገጫ ሲመጣ አንዱ ድርሻውን ለውጭ ሰው ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ውኃውን አብሮ የሚያዳርስ፣ ወሰኑን አብሮ የሚጠግን ይጠፋል። የዳኝነቱ ሥራ ለሽማግሌዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷቸዋል።

አዳሩ ሩቴንግ ነው። ከተማዋ ደጋ ናት፤ ሌሊት ጃኬት ታስፈልጋለች። ከዚህ በኋላ ባንክ ይገኛል ብላችሁ አትመኑ፤ ለመንደሩ ክፍያ፣ ለመሪና ለሞተር ሳይክል የሚሆነውን ሩፒያ በትንንሽ ኖት ከዚሁ አውጡ። ትርፍ ግማሽ ቀን ያለው ሰው በስተሰሜን ወዳለው ሊያንግ ቡዋ ዋሻ ብቅ ይበል፤ አንድ ሜትር ገደማ ቁመት የነበራት የጥንት ሰው አፅም በ2003 የተገኘው እዚያ ነው። የሉሲ አገር ሰው ይህን ሳያይ ባይመለስ እንወዳለን።

ሁለተኛው ቀን፦ ወደ ዴንጌ

ከሩቴንግ የሜና መናኸሪያ ጠዋት ኦቶ ኮል ይነሳል። ኦቶ ኮል ጭነት መኪና ነው፤ ከኋላው የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው ጣሪያ ተሠርቶለታል። ሰው፣ ሲሚንቶ፣ የሩዝ ጆንያ፣ አሳማና ዶሮ አብረው ይጫኑበታል። ለጀርባ ከባድ ቢሆንም የአካባቢውን የንግድ ሥርዓት እንደሱ የሚያሳይ የለም፦ ወደ ታች ሲወርድ የፋብሪካ ዕቃ፣ ወደ ከተማ ሲመለስ ቡና፣ ቅርንፉድና ሙዝ ነው የሚይዘው። የራሱን መኪና የተከራየ በሦስት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። በጉዞው ላይ ባሕሩና ሙሌስ ደሴት ከባሕር ዳሯ ዲንቶር ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ከዲንቶር የእግር ጉዞው ወደሚጀመርባት ዴንጌ መንደር አጭር ዳገት ነው።

ዴንጌ የቅርንፉድ አገር ነች። እምቡጡ ሳይፈካ፣ ቀይ መሆን ሲጀምር ይለቀምና ሸራ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ካለ በአምስት ቀን ገደማ ይደርቃል፣ ክብደቱም ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። የፈካ አበባ ዘይቱ ስለሚቀንስ ዋጋ አያወጣም። ዛፉ አንድ ዓመት በደንብ ከሰጠ በሚቀጥለው ያርፋል። ባንድ ዓመት ቅርንፉድ ላይ ተስፋ አድርጎ የተበደረ ገበሬ የሚወድቀው በዚህ ነው።

እዚህ ውሻ ተጠንቀቁ። የእብድ ውሻ በሽታ በ1997 ፍሎሬስ ገብቶ እስካሁን አልወጣም። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ፣ ጉዞውን አቋርጦ፣ በዚያው ቀን ክትባት ወደሚገኝበት ሩቴንግ ይመለስ። «ውሻው ደህና ይመስላል» ብሎ ማሳደር አይገባም። ቆላው ላይ ወባ ስላለ አጎበር ያለው ማደሪያ ምረጡ።

ሦስተኛው ቀን፦ ዳገቱ

ከዴንጌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መነሳት ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳል፣ ዝናብም ይመጣል። የአካባቢ መሪ መያዝ ለመንገዱም ለአቀባበሉም ያስፈልጋል። የሞተር ሳይክል ታክሲ እስከ ዋኤ ሎምባ ወንዝ አቅራቢያ ያደርሳል፤ ይህም ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን መንገድ ወደ ሁለት ሰዓት ያሳጥረዋል። ከባድ ዝናብ ከጣለ ወንዙ ይሞላል፤ ሲሞላ ጉልበት አይፈተንበትም፣ እስኪጎድል ይጠበቃል።

ከወንዙ ወደ ፖቾሮኮ ያለው ዳገት በጣም አድካሚው ክፍል ነው። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት አልቅትን ይከላከላል። የያዘ አልቅት በኃይል አይነቀልም፤ ጥፍርን ቆዳ ላይ አስጠግቶ ከአፉ በኩል መግፋት ይበቃል። ጫካው ቶዶ ሬፖክ የተባለ ጥብቅ ደን ነው። ቀረፋና ቡና የሚጀምረው ወደ መንደሩ ሲቀረብ ነው። በመንገዱ ላይ ከላይ ቡና፣ ከታች ሩዝ ተሸክመው የሚያልፉ ሰዎች ያጋጥማሉ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ለተሸካሚው መንገድ ይለቀቃል።

መንደሩ የሚታይበት ቦታ ላይ ትንሽ ዳስ አለች። መሪው እዚያ የተሰቀለውን የቀርከሃ ማንኳኳያ ይመታል፤ እንግዳ መምጣቱን የሚያስታውቀው እሱ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዋናው ቤት፣ ወደ ኒያንግ ጌንዳንግ ነው የሚገባው። ዋኤሉኡ የሚባለው የአቀባበል ጸሎት ሳይደረስ ካሜራ ማውጣት ክልክል ነው። ሽማግሌው በማንጋራይ ቋንቋ ለአባቶች መንፈስ የእንግዳውን መምጣት ይነግራሉ፣ እስኪሄድ ድረስ እንዲጠበቅም ይለምናሉ። ሕዝቡ ካቶሊክ ነው፤ ሁለቱ ሥርዓት አብሮ ይኖራል። ለሥነ ሥርዓቱ የሚሰጠውን ገንዘብ መሪው አስቀድሞ ይንገራችሁ፤ በሁለት እጅ ይሰጣል። ለአዳር የሚከፈለው ለብዙ ጊዜ በሰው 325,000 ሩፒያ ነበር፤ ስለሚከለስ የወቅቱን ዴንጌ ላይ ጠይቁ። ለልጆች ገንዘብና ከረሜላ አትስጡ።

ቤቱን ቀረብ ብሎ ማየት

ምባሩ ኒያንግ ከጫፉ እስከ መሬት በክዳን የተሸፈነ ሾጣጣ ቤት ነው፤ ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የዶርዜን ቤት የሚያውቅ ሰው ቅርጹ አይገርመው ይሆናል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ዎሮክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ምሰሶዎች መሬት ውስጥ በጥልቀት ይቀበራሉ፤ ከመሬት እርጥበት እንዲጠበቁ ግንዳቸው በዘንባባ ጭገር ይጠቀለላል። በምስማር ፋንታ የራታን ሐረግ ማሰሪያ ስለሆነ ቤቱ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ይወዛወዛል እንጂ አይሰነጠቅም። ክዳኑ ሣርና የዘንባባ ጭገር ነው።

ውስጡ አምስት ፎቅ አለው። ሰው የሚኖረው ታችኛው ሉቱር ላይ ነው። ከሱ በላይ ሎቦ ምግብና ዕቃ ይይዛል፤ ሌንታር የዘር እህል፤ ሌምፓ ራኤ ዝናብ ለቀረበት ዓመት የሚቀመጥ ቀለብ፤ ጫፉ ላይ ያለው ሄካንግ ኮዴ ለአባቶች የሚቀርበው መሥዋዕት ቦታ ነው። ዘሩን ከዕለት ምግቡ በላይ ማስቀመጣቸው ብልህነት ነው፤ የራበው ሰው ዘሩን ለመብላት አንድ መሰላል ጨምሮ መውጣት አለበት።

ምድጃው መሐል ላይ ነው። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ውስጥ ያልፋል፤ ነቀዙን ያባርራል፣ እንጨቱንና ሐረጉን ያደርቃል። ሰው የማይኖርበት ምባሩ ኒያንግ የሚበሰብሰው እሳት ስለማይነድበት ነው። ያው ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ሴቶችና ሕፃናት ላይ ይብሳል። ዋናው ቤት ስምንት ቤተሰብ፣ ሌሎቹ ስድስት ስድስት እንዲይዙ ነው ሥርዓቱ። የየቤተሰቡ መኝታ ክፍል የግድግዳውን ክብ ተከትሎ ይደረደራል።

በ2008 ከጃካርታ አርክቴክቱ ዮሪ አንታርና ባልደረቦቹ ሲደርሱ የቀሩት ቤቶች አራት ብቻ ነበሩ፣ ከነሱም የተጎሳቆሉ ነበሩ። በሚቀጥሉት ዓመታት ከውጭ በተገኘ ገንዘብ ሰባቱም ቆሙ። ሠራተኞቹ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ቤት ሲሠራ ሳያይ አድጎ ስለነበር ከቤቶቹ እኩል የዳነው ሙያው ነው። በ2012 ዩኔስኮ በእስያና ፓሲፊክ የቅርስ ጥበቃ ከፍተኛውን ሽልማት ሰጠው። እንግዳ የበዛውም ከዚያ በኋላ ነው።

አራተኛው ቀን፦ ቡናው

ጎሕ ሲቀድ ግቢው ጉም የለውም። በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ምንጣፍና ሸራ አውጥተው ቡና ያሰጣሉ፤ ጉሙ ሲመለስ ይሰበስባሉ። የመንደሩ የቡና ጥራት ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቡና ለዚህ አገር የመጣ ተክል ነው። አረቢካ ከኢትዮጵያ ተነስቶ በየመንና በሕንድ ማላባር በኩል በ1690ዎቹ ማብቂያ በደች ነጋዴዎች እጅ ጃቫ ደረሰ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የቅጠል ዝገት ቆላውን አረቢካ ሲጨርሰው፣ በ1900 ገደማ ሮቡስታ ገባ። ዋኤ ሬቦ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ሲለቀሙ ይደባለቃሉ። ዋጋው የመጀመሪያውን ጉዳት የሚያገኘው በዚህ መደባለቅ ነው።

ቀይ እሸት ብቻ መልቀም የሚገባው ቢሆንም ገንዘብ ያጠረው ቤት አረንጓዴውን ጨምሮ ይገፍፋል። የተለቀመው በእጅ በሚዞር መፈልፈያ ይፈለፈላል፤ ጥርሱ ከጠበቀ ፍሬውን ይቆርጣል፣ ከላላ ገለባ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ለትልቁና ለትንሹ ፍሬ በየጊዜው መስተካከል አለበት። በብርዱ የተነሳ ማብላላቱ ከአንድ ሌሊት በላይ ሊወስድ ይችላል። ፍሬው በእጅ ሲታሽ እንደ ጠጠር ከሻከረ ደርሷል፣ ካሟለጨ ይቆይ። ታጥቦ ይሰጣል። ግቡ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይ በሞላበት አገር ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን የሚበቃው ሥራ እዚህ በጉሙ ምክንያት በጣም ይረዝማል። በግማሽ ደርቆ ጆንያ ውስጥ የገባ ቡና ይሻግታል። መሬት ላይ የተሰጣ ደግሞ የአፈር ጠረን ይይዛል፣ ቡናውን ስትቆሉት ይሸታችኋል።

ለቤት የሚሆነው በእንጨት ሙቀጫ ይወቀጣል። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ዘነዘናቸውን በተራ ያወርዳሉ፤ ቅርፊቱ ሲላቀቅ በሰፌድ ይነፋል፣ በብረት መጥበሻ እንጨት እሳት ላይ ይቆላል። ጀበና የለም፤ ዱቄቱ ብርጭቆ ውስጥ ተደርጎ የፈላ ውኃ ይደረግበታል፣ አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። እንግዳ ያለ ቡና አይሸኝም።

አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሠላሳ ኪሎ ተሸክሞ የሚወርድ ሰው 180 ኪሎ የለቀመውን ነው ጀርባው ላይ የያዘው። ታች የሚጠብቀው ሰብሳቢ ነጋዴ ሳይለይ፣ ድብልቁን በጅምላ ይመዝናል፤ ለጥራት የሚጨምረው ዋጋ ከሌለ ገበሬው ለምን ቀይ ቀዩን ይለቅማል? ከዚህ የሚከፋው ኢጆን ነው፦ የሩዝ፣ የትምህርት ቤት ወይም የለቅሶ ወጪ ሲመጣ ቡናው ገና ዛፍ ላይ ሳለ በቅድሚያ ገንዘብ ይሸጣል። ዋጋው የሚቆረጠው በተቸገረበት ወር ስለሆነ ትርፉ የአበዳሪው ነው።

መፍትሔው የማይታወቅ አይደለም። በዚያው በፍሎሬስ ያለው የንጋዳ አውራጃ የባጃዋ ቡና ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ እሸቱን በአንድ ቦታ ፈልፍለው፣ የመልክዓ ምድር ስም ጥበቃ አግኝተው ነው ስማቸውን ያስጠሩት። ለዋኤ ሬቦ የሚያስፈልገው ጣሪያው ፕላስቲክ የሆነ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ፣ አንድ የእርጥበት መለኪያ፣ እና ኢጆንን የሚተካ የመንደር ብድር ነው። የእንግዳው ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ላይ ቢውል እንመርጣለን፤ በኮቪድ ጊዜ እንግዳ ሲጠፋ ያልከዳቸው ቡናው ነበር።

ቡናን ማስፋት ግን ወሰን አለው፤ ዙሪያው ጥብቅ ደን ነው። በማንጋራይ የደንና የቡና ወሰን ክርክር ደም አፍስሷል። መጋቢት 10 ቀን 2004 ቡናቸው በደን ክልል ስም የተነቀለባቸው ገበሬዎች ሩቴንግ ላይ ሲሰለፉ ፖሊስ ተኩሶ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ተስፋው ማሳ መጨመር ላይ አይደለም፤ ያለውን ዛፍ መግረዝና የተለቀመውን አሳምሮ ማድረቅ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሶንግኬ ይሸምናሉ። መደቡ ጥቁር፣ ጥለቱ ባለ ብዙ ቀለም ነው። መሸመኛው በወገብ የሚታሰር ስለሆነ የጨርቁ ውጥረት በሸማኔዋ ጀርባ ይጠበቃል። አንድ ሙሉ ልብስ ሳምንታት ይፈጃል። ዋጋ ሲጠሩላችሁ ይህን አስቡ፣ አጥብቃችሁ አትከራከሩ።

አምስተኛው ቀን፦ በኮምቦ በኩል መውረድ

ሰባት ቤት ከሰባት አይበልጥም። ሕዝቡ ሲጨምር ትርፉ የወረደው ታች ወዳለችው ወደ ኮምቦ መንደር ነው፤ ዋኤ ሬቦን ከኮምቦ ለይቶ ማየት ስሕተት ነው። ልጆቹ ለትምህርት ሲደርሱ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከዘመድ ጋር ይቀመጣሉ፣ ትምህርት ሲዘጋ ይወጣሉ። እናት ከታች፣ አባት ከላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ላይ ያለው ቤተሰብ የሚሰበሰበው በኅዳር ገደማ ለሚከበረው ፔንቲ ነው፤ ለአዝመራው ምስጋና ይቀርባል፣ ወንዶቹም ጅራፍና የጎሽ ቆዳ ጋሻ ይዘው ቻቺ ይጫወታሉ።

ወጣቱን የሚስበው የካሊማንታንና የማሌዢያ የዘንባባ ዘይት እርሻ ነው። የጥሎሹ ክብደትም ይገፋዋል፤ ጎሽ፣ ፈረስና ጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል፣ በቡና ብቻ ቶሎ አይሞላም። ያለ ሕጋዊ ወረቀት ሄዶ ደመወዙን የተከለከለ፣ አስከሬኑ የተመለሰ ከዚህ ክልል ብዙ ነው። ልጁን ወደ ዓረብ አገር የሸኘ ቤተሰብ የሚያውቀው ጭንቀት ነው።

የመንግሥት ገንዘብ በ2014ቱ የመንደር ሕግ መሠረት ከ2015 ጀምሮ በቀጥታ ለቀበሌ ይደርሳል። ዋኤ ሬቦ ግን በሳታር ሌንዳ ቀበሌ ሥር ያለች አንዷ መንደር ስለሆነች ከሌሎቹ ጋር ትካፈላለች፤ ታች ያሉት «እናንተ ቱሪስት አላችሁ» ማለታቸው አይቀርም። መንገዱ እስከ መንደሩ ይግባ የሚለው ሐሳብም ሁለት ገጽ አለው። የታመመ ሰው በቃሬዛ የሚወርድበት ዳገት ቀላል ነገር አይደለም፣ ለተሸካሚውም ጀርባ ጆንያው ይቀልለት ነበር። በሌላ በኩል ጎብኚው በሁለት ሰዓት ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ከሆነ አዳሩ፣ ምግቡና የመሪው ሥራ ይቀራል፤ ገቢው ወደ መኪና ባለቤቶች ያልፋል። በእኛ አስተያየት የሚቀድመው የጤና ባለሙያ ከላይ መመደብና ዱካውን በድንጋይ ማጠናከር ነው።

ቡና የምትገዙ ከሆነ ከላይ፣ ካዘጋጀው ቤተሰብ ግዙ። አረቢካውን ለብቻ ጠይቁ፣ የተለቀመበትን ወር አስነግሩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አሽትቱ፤ የአፈር ወይም የጆንያ ሽታ ካለው ሌላ ቤት ይሞከር። አገር ቤት ስትመለሱ ያልተቆላው በእፅዋት ኳራንቲን ሊያዝ ስለሚችል እዚያው አስቆልታችሁ ያዙ። ከዴንጌ ወደ ሩቴንግ የሚመለሰው ኦቶ ኮል የሚነሳው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ቦታ ለመያዝ ማታውኑ ለሾፌሩ መናገር ያስፈልጋል።